እንቅልፍ የነሳዎት ሩጫው ነው ወይስ ሰዓቱ?

የደሴው ጠያቂ የላኩልኝ ጽሑፍ ረዘም ያለ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው።

«36 ዓመቴ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ለታላቁ ሩጫ ለመዘጋጀት ብዬ ከአራት ወር ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ከሩብ ላይ እነሳለሁ፤ ሆጤ ደርሼ ስመለስ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የኮምቦልቻ መኪና ውስጥ መቀመጥ አለብኝ። ማታ የምተኛው ለ5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግሩም ነበሩ፤ ጭንቅላቴ ትራሱን ከመንካቱ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እነቃና እስከ መነሻዬ ስገላበጥ አድራለሁ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ መኪናው ውስጥ አንቀላፋለሁ፤ ከምሳ በኋላ ቁጥሮቹ ይደበዝዙብኛል። እሑድ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት እተኛለሁ። በእጄ ላይ ያለው ሰዓት የሚያሳየኝ የዕረፍት የልብ ምት ከ52 ወደ 60 ወጥቷል። ጫት አልቅምም። ቡና ግን ቢሮ ሁለት ስኒ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ቤት ከባለቤቴ ጋር ሁለት ስኒ እጠጣለሁ። ጓደኛዬ ‹ሰውነት ይለምደዋል፣ ግፋበት› ይለኛል፤ ባለቤቴ ‹ይቅርብህ› ትላለች። ማለዳ መሮጥ እንቅልፍ ያመጣል ሲባል እኔ ላይ ለምን ተገለበጠ?»

መልሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል። ሩጫውን አይተዉት። ሌሊት 10 ሰዓት ከሩብ መነሳቱን ግን ከነገ ጀምሮ ያቁሙት፤ ቢያንስ ማታ የሚተኙበት ሰዓት እስኪስተካከል ድረስ። እንቅልፍዎን ያበላሸው መሮጥዎ አይደለም። የሌሊቱን መጨረሻ ቆርጠው ወስደው መጀመሪያውን እንደነበረ መተውዎ ነው።

የሒሳብ ሰው ስለሆኑ በሙያዎ ላስረዳ። ከማታው ለ5 ሩብ ጉዳይ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ያለው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ይህም አልጋ ላይ የሚያሳልፉት እንጂ የሚተኙት አይደለም፤ እንቅልፍ እስኪወስድዎ ያለው ደቂቃና ከ8 ሰዓት በኋላ የሚገላበጡት ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። መገላበጡን ትተን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ጎደለ እንበል። በአምስት ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ማለትም በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ሌሊት ይበደራሉ። የእሑዱ እስከ 3 ሰዓት መተኛት የዚህን ዕዳ ግማሽ እንኳ አይከፍልም። ወለዱ ደግሞ ሰኞ ላይ ይመጣል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ሰውነት ይለምደዋል» የሚለው የጓደኛዎ ምክር ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የሚለምደው ግን ስሜታችን እንጂ አእምሯችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ አስተኝቶ ንቃታቸውን ይለካ ነበር። ስህተታቸው በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ያለ አንዳች እንቅልፍ ካደረ ሰው ጋር የሚስተካከል ሆነ። ሰዎቹ ራሳቸው ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ «ያን ያህል እንቅልፍ እንቅልፍ አይለኝም» ይሉ ነበር። ልክ መብራት በደከመበት ክፍል ውስጥ ብዙ እንደቆየ ሰው፣ የጨለመው ነገር ሁሉ ልክ መስሎ ይታየናል። እርስዎ ቢያንስ ቁጥሮቹ እንደደበዘዙ አውቀዋል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለምን ጣፈጡ? በሁለት ምክንያት። አንደኛው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ አዘውትሮ መሮጥ እንቅልፍ ቶሎ እንዲወስድና ጥልቁ እንቅልፍ እንዲጨምር ይረዳል። ሁለተኛው ግን የሚያታልል ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ የእንቅልፍ ጫና የምንለው እርሱን ነው። በቂ ያልተኛ ሰው ይህ ጫና ተከምሮበት ስለሚያመሽ አልጋው ላይ ሲወጣ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ጭንቅላት ትራስ ከመንካቱ መተኛት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጤና ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የዕዳ ምልክት ነው።

አሁን ደግሞ የትኛው የሌሊት ክፍል እንደተቆረጠ እንይ። ሌሊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት እንቅልፍ አይደለም። ጥልቁ እንቅልፍ በአብዛኛው የሚገኘው በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ነው። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው፣ ጡንቻም የሚጠገነው በዚያን ጊዜ ነው። የሕልም እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋት እየበዛ ይሄዳል፤ ከትውስታና ከስሜት መረጋጋት ጋር የተያያዘው ይህኛው ነው። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ሲነሱ ጥልቁን በአብዛኛው አግኝተዋል፤ የቀረብዎት የሕልሙ ነው። እግርዎ ሆጤ ደርሶ ለመመለስ የማይሰንፈው፣ ጭንቅላትዎ ግን ከምሳ በኋላ የሚሰንፈው ለዚህ ይመስለኛል። አልጠቀሱልኝም እንጂ በልጆች ላይ ቶሎ መቆጣትም ካለ አይገርመኝም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ሌሊት ተረኛ አድሬ ገና ሳይነጋ እሮጥ ነበር። ጓደኞቼ ያደንቁኛል፣ እኔም ራሴን አደንቃለሁ። አንድ ቀን በሽተኛ አልጋ ዳር ቆመን መምህራችን ሲያስረዱ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝና የምጽፍበት ሰሌዳ ከእጄ አምልጦ በሽተኛው እግር ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ሰው አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንተ ተኛ፣ እኔ ልነሳልህ» አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውን «እንቅልፋም» ብሎ መስደብ አልወድም።

ስለ ሽማግሌዎች ካነሳሁ አይቀር፣ «አባቶቻችን እኮ ዶሮ ሳይጮህ ነበር የሚነሱት» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። እውነት ነው። ለሱብሂ የሚነሱት፣ ለኪዳን የሚገሰግሱት፣ ሁሉም ማልደው ነበር የሚነሱት። ግን መቼ ይተኙ ነበር? የዒሻ ሶላት ካበቃ፣ ኩራዙ ከጠፋ በኋላ ምን ይጠበቅ ነበር? ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የተኛ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሳ ስምንት ሰዓት አልጋው ላይ አሳልፏል። እነርሱ የሌሊቱን ሁለቱንም ጫፍ ያዙ። እኛ መብራቱን፣ ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ጨምረን የማታውን ጫፍ ወደ እኩለ ሌሊት ገፋነው፤ ከዚያ የማለዳውን ጫፍ በእነርሱ ሰዓት ለመያዝ እንሞክራለን።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ማለዳ መሮጥ እንቅልፍ ያመጣል የሚባለው ከየት የመጣ ነው? ትልቁ ድርሻ የሩጫው ሳይሆን የብርሃኑ ነው። ከዓይናችን በስተኋላ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የሰውነታችን ዋና ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት ብቻውን ሲተው በአብዛኛው ሰው ላይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ይዘገያል፤ በየቀኑ ልክ የሚያስገባው በዓይን የሚገባ የማለዳ ብርሃን ነው። የዚህን ሰዓት ውስጣዊ አሠራር የገለጡ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ማለዳ የገባ ብርሃን ሰዓቱን ወደፊት ያመጣዋል፤ በዚያው ዕለት ማታም እንቅልፍ ቀደም ብሎ ይመጣል። ማለዳ የሚሮጥ ሰው ማታ ቶሎ የሚያዛጋው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

እርስዎ ግን ይህን ብርሃን አያገኙትም። ፀሐይ በእኛ አካባቢ በሰኔ 12 ሰዓት ገደማ፣ በጥር ደግሞ ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ትወጣለች። ያውም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ላለ ሰው ነው፤ በተራራ የተከበበች ከተማ ውስጥ ጨረሩ ቤት እስኪደርስ ሌላ ጊዜ ይወስዳል። እርስዎ ሮጠው የሚጨርሱት 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ክረምት ከበጋ የሚሮጡት በጨለማ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ መኪና ውስጥ ነዎት፤ በዚያ መስመር እንደማውቀው ደግሞ መጋረጃው ተዘግቶ ግማሹ ተሳፋሪ ተኝቷል። ከዚያ ቢሮ ይገባሉ። የቢሮ መብራት ለዓይን ደማቅ ቢመስልም ከ300 እስከ 500 ሉክስ ቢሆን ነው (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ብዙ ጊዜ ከ10,000 ሉክስ ያልፋል፤ ጥርት ባለ ፀሐይ 100,000 ይደርሳል። ሰውነትዎ በማለዳ ሮጧል፣ ሰዓትዎ ግን ማለዳውን አላየም።

ያ ብቻ አይደለም። የሰውነት ሙቀት በጣም የሚቀዘቅዘው ከለመድነው የመንቂያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ብርሃን ከዚያ በፊት ሲያገኘን ሰዓቱን በተቃራኒው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲነቁ ስልክዎን አንስተው ሰዓት ያያሉ፣ አይደለም? ሰዓት ለማየት ብሎ የተነሳ ስልክ ደግሞ ሰዓት ብቻ አያሳይም።

ለምን 8 ሰዓት ላይ? ሦስት ነገር የተገጣጠመ ይመስለኛል። የደከመው ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ጥልቁን እንቅልፍ በስስት ይወስደዋል፤ ጫናው ይረግባል፣ ቀሪው እንቅልፍ ይሳሳል። በዚያ በሳሳው ሰዓት ላይ የማንቂያ ደወል ጭንቀት ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን ውስጥ የተደረገ ጥናት በዚህ ላይ አስደናቂ ነገር አሳይቷል፤ በተወሰነ ሰዓት እንደሚቀሰቀሱ የተነገራቸው ሰዎች ሰውነታቸው ገና አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ተኝተው ሳሉ፣ የመነሻ ሆርሞኑን ማዘጋጀት ይጀምር ነበር። ሰውነት ቀጠሮ ያውቃል። በማግስቱ መንገደኛ የሆነ ሰው ሲባንን የሚያድረው ለዚህ ነው፤ እርስዎ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን መንገደኛ ነዎት።

ሦስተኛው ቡናው ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ ጫናው አለ፣ አንጎል ግን አይሰማውም። ከጠጡት ውስጥ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። 1 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ለ5 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ደምዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሳኝም፣ ጠጥቼ ወዲያው ነው የምተኛው» የሚል መልስ ከእርስዎ እጠብቃለሁ፤ ወሎ ውስጥ ይህን የማይለኝ ታካሚ የለም። መተኛቱን አልክድም። በቂ ዕዳ ያለበት ሰው በካፌይንም ላይ ይተኛል። የሚጎዳው ጥልቀቱ ነው፣ ሌሊቱ ሲጋመስ መንቃቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን እንኳ ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የጥናቱ ተሳታፊዎችም ብዙውን አላስተዋሉትም።

እና ምን ላድርግ፣ የባለቤቴን ቡና እምቢ ልበል? በፍጹም። ረከቦት ዘርግታ፣ ዕጣን አጢሳ የምትጠብቅን ሴት «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚል ባል ሌላ ዓይነት እንቅልፍ ያጣል። ቡናውን ቅዳሜና እሑድ ወደ ቀን ያዙሩት፣ ከአቦል እስከ በረካ በሰፊው ይጠጡ። በሥራ ቀን ማታ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብለው በረካዋን ብቻ፣ ያውም በትንሹ። ሦስተኛው ውሃ የቀጠነ ነው፤ በረከቱን አይቀንሰውም። የቢሮውን ሁለት ስኒ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ይጨርሱት። እርስዎ ጫት እንደማይቅሙ ነግረውኛል፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ግን ይቅማሉና አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር፤ ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር ዝምድና ያለው አነቃቂ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ተቀምጦ ማታ እንቅልፍ መጠበቅ፣ ንጋት ላይ ደግሞ ለመሮጥ መነሳት ልብን መቅጣት ነው።

የእሑዱን ወለድ ልክፈል። በአምስት ቀን 10 ሰዓት ከሩብ፣ እሑድ 3 ሰዓት። ልዩነቱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ቀርቶታል። ለሰውነትዎ ሰዓት ይህ በየሳምንቱ በአውሮፕላን ሩቅ አገር ደርሶ እንደመመለስ ነው። እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ሰኞ ደግሞ የሳምንቱ ሁሉ አስቀያሚ ቀን ሲሆን ጥፋቱን ሩጫው ላይ አይጣሉት። በዕረፍት ቀን ከአዘቦቱ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ዘግይተው ይነሱ፤ ከዚያ የቀረውን ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ አሸልበው ይካሱት።

የልብ ምትዎ ከ52 ወደ 60 መውጣቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰውነት ከልምምዱ እያገገመ አለመሆኑን ከሚናገርባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ጉንፋን፣ ሙቀት፣ የሥራ ጭንቀትም ያወጣዋልና ብቻውን አልፈርድበትም። ከእንቅልፉ መሳሳትና ከቀን ድካሙ ጋር አብሮ ሲታይ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ልምምድ ጨምረዋል፣ ማገገሚያ ቀንሰዋል። ማጠንከሪያው ሩጫው አይደለም፣ ከሩጫው በኋላ ያለው ዕረፍት ነው። ሩጫው የሚያፈርስ፣ እንቅልፉ የሚገነባ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ለሁለት ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ይቀንሱ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀስ ብለው፣ ከሰው ጋር እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለውድድር ሳይሆን ለመጨረስና ለመደሰት ከሆነ ሦስት ቀን ይበቃል። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የማለዳውን ደወል 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያድርጉት፣ በየሥራ ቀኑ፣ ሳያዛንፉ። ሩጫውን ወዴት እንውሰደው? እኔ ብሆን ከሥራ በኋላ እዚያው ኮምቦልቻ ላይ እጨርሰው ነበር።

ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ «ማታ መሮጥ እንቅልፍ ይነሳል» ይባላልና። ይህ አባባል ከሚገባው በላይ ተጋንኗል። ጉዳት የሚታየው ኃይለኛ ልምምድ ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት እስከማይሞላ ድረስ ሲቀርብ ነው። ከሥራ ሲወጡ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጫማ ቀይረው 40 ደቂቃ ቢሮጡ እስከ መኝታዎ ከሦስት ሰዓት በላይ ይቀራል፤ ልብዎም ሙቀትዎም በሰፊው ይረጋጋል። አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ማራቶን ከሰዓት በኋላ አምሽቶ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ያለቀ ነበር፤ ማለዳ ለሩጫ የተለየ ቅድስና የለውም። ሌላም ስውር ጥቅም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የታወቀ ጥናት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የሠለጠኑ ሯጮች የ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ አሳይቷል። ኮምቦልቻ ያን ያህል ዝቅ አትልም፤ ቢሆንም ሌላው ሯጭ ገንዘብ ከፍሎ የሚሄድበትን የከፍታ ልዩነት እርስዎ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ በየቀኑ ይወጡታል፣ ይወርዱታል። ሁለት የሥራ ቀን እዚያ፣ ሦስተኛውን እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደሴ ውስጥ፣ ፀሐይ ወጥታ። በዚያ የእሑድ ሩጫ ብርሃኑንም፣ እንቅልፉንም፣ ሩጫውንም አብረው ያገኛሉ። በኅዳር 12 ሰዓት ሲሆን ስለሚመሽ ኮምቦልቻ ላይ መኪና የማይበዛበትን መንገድ ይምረጡ።

በሥራ ቀን ደግሞ ብርሃኑን ከመንገዱ ላይ ይውሰዱት። መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ መጋረጃውን ይክፈቱ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከቢሮው ቀደም ብለው ወርደው 15 ደቂቃ በፀሐይ በእግር ይሂዱ። ተራ ነገር ሊመስልዎት ይችላል፤ ከማንኛውም የእንቅልፍ ክኒን በፊት የማዝዘው ግን ይህንን ነው።

የማታው ጫፍ ከባዱ ነው። ዛሬ ለ5 ሩብ ጉዳይ የሚተኛ ሰው ነገ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ላይ ቢወጣ ጣሪያ ሲቆጥር ያመሻል። በየሦስትና አራት ቀኑ 15 ደቂቃ እየቀደሙ ይሂዱ፣ 4 ሰዓት እስኪደርሱ። ራቱ ከ2 ሰዓት አይለፍ። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ትልቁን መብራት አጥፍተው በትንሹ ይሁኑ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፣ ለማንቂያ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። የደሴ ብርድ ላይ ደግሞ አንዲት ቀላል ብልሃት አለች፤ ካልሲ አድርገው ይተኙ። የእግር ደም ሥሮች ሲሞቁ ይሰፋሉ፣ የውስጥ ሙቀትም በእነርሱ በኩል ይወጣል፤ አንጎል እንቅልፍ ለመጀመር የሚጠብቀው ይህንን መቀዝቀዝ ነው። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው በሦስት ብርድ ልብስ ሥር ሆኖም ቶሎ አይተኛም።

8 ሰዓት ላይ ከነቁ ሰዓት አይዩ። 20 ደቂቃ ያህል የቆዩ መስሎ ከተሰማዎት ከአልጋ ይውረዱ፣ ጋቢዎን ለብሰው በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጡ፤ ዳዊት መድገምም፣ ዚክርም፣ አሰልቺ መጽሐፍም ይሆናል። እንቅልፉ ሲመጣ ይመለሱ። «ነቅቼም የለ፣ ልውጣና ልሩጥ» የሚለውን ሐሳብ ግን አይስሙት፤ አንዴ ከወጡ ሰውነትዎ 8 ሰዓትን ቀጠሮ አድርጎ ይመዘግበዋል። በዚያ ላይ የውሾቹ ሰዓት ነው።

ከአራት ወይም አምስት ሳምንት በኋላ፣ የዕረፍት ምቱ ወደ 52 ሲጠጋና ቀን ቀን ማንቀላፋቱ ሲጠፋ፣ ማለዳውን የሚናፍቁ ከሆነ ይመለሱበት። ልብስና ጫማውን ማታ ካዘጋጁ፣ ሩጫውን 35 ደቂቃ ካደረጉት፣ 11 ሰዓት ላይ ተነስተው በሳምንት ሁለት ቀን ይደርሳሉ። በዚያ ጊዜ 4 ሰዓት ላይ የሚተኙ ስለሆኑ ሰባት ሰዓትዎ አይነካም። ማታ በሆነ ምክንያት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከተኙ ግን፣ ለቅሶ ደርሰውም ይሁን ሠርግ ውለው፣ በማግስቱ አይሩጡ። ያቺ ሩጫ ከምትሰጠው የምትወስደው ይበልጣል።

ጉዳዩ ሩጫም ሰዓትም ያልሆነበት ጊዜ አለ። እንቅልፍ ውስጥ ሲያንኮራፉ ትንፋሽዎ እየተቋረጠ እንደሚታፈኑ ባለቤትዎ ካስተዋሉ፣ ሳይሞክሩ ክብደት እየቀነሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጥና ልብዎ የሚመታ ከሆነ፣ ማታ እግርዎን የመውረር ስሜት ካስቸገርዎት፣ ሲሮጡ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ራስዎን ካሳትዎት፣ ምክሬን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የመጨረሻው በተለይ ለነገ የሚባል አይደለም። ከንጋት በፊት መንቃቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐዘንና ተስፋ ማጣት ጋር ከመጣም እንዲሁ። ሌላም አለ። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አልፎባታል፤ ከዚያ ወዲህ በትንሽ ድምፅ እየባነኑ የሚነሱ፣ ያን ጊዜ በሕልም የሚያዩ ብዙ ሰዎች ወደ እኔ መጥተዋል። የእርስዎ መንቃት ከዚህ ወገን ከሆነ የሩጫ ሰዓት መቀየር አይፈታውም፣ ሕክምና ግን አለው፤ ማፈሪያም የለበትም።

ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ሦስት ቁጥር ይመዝግቡልኝ፤ የተኙበትን ሰዓት፣ የተነሱበትን ሰዓት፣ ከአልጋ ሳይወርዱ የለኩትን የልብ ምት። ሠንጠረዥ መሥራት ለእርስዎ አያስተምሩትም። ከቁጥሮቹ አጠገብ አንድ ባዶ ዓምድ ይተዉና በየጠዋቱ አዎ ወይም የለም ብለው ይሙሉበት፤ ሐረጎን ስንወርድ ነቅቼ ነበር?